በቀጭን ሽቦ ሽታን ያጠመዱት የዶክተር ሥርጉት ወልደ ሐዋርያት የሕይወት ጉዞ

ዶክተር ሥርጉት ወልደ ሐዋርያት ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሐዋርያት እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ተሰማ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል፣ በባሕር ዛፉ መካከል ባለችው ትንሿ መንደራችን ተወለዱ። የዚያ ዓመት ክረምት አልወጣም ብሎ ስለቆየ ጉሙ በበሩ ገብቶ ቤቱን ሞልቶት እንደነበር እናታችን ይነግሩን ነበር። የበኩር ልጃቸውን ፊት በደንብ ከማየታቸው በፊት ድምፅዋን ሰሙ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ቢንያም ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «እትዬ» ስላቸው ስለኖርኩ ዛሬ «ዶክተር» ማለቱ አፌን ይይዘኛል፤ ቢሆንም ለክብራቸው እሞክራለሁ።

ዶክተር ሥርጉት ከልጅነታቸው ጀምሮ አፍንጫቸው የተለየ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ደጃፍ ላይ ይቀመጡና በመንገዱ ያለፈውን ሰው በጠረኑ ይለዩ ነበር። ቅጠል ተሸክማ የምትወርደውን፣ ከከተማ ሳሙና ገዝቶ የሚመለሰውን፣ ከመቅደስ የወጣውን ካህን ሳያዩ ይናገራሉ። እናታችን «አንቺ ልጅ፣ ሰው ያፍርብሻል፤ ዝም ብለሽ አሽትቺ!» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚያሸትቱት ነገር ስሙ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ዝናብ ሊጥል ሲል ከመሬቱ የሚወጣው ሽታ ከየት እንደሚመጣ አባታችንን ጠይቀው አባታችን «እሱን እንኳ አንቺ አድገሽ ትነግሪኛለሽ» ብለው መለሱላቸው። በቤታችን ነገሩ የተጀመረው በዚህ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ አባታችን የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው «ሥርጉትን ጠይቋት» ማለት ልማዳቸው ሆነ። ዘይቱ ደህና መሆኑን፣ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሬዲዮው የተናገረው እውነት መሆኑን ሁሉ የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። አባት የሆነ ካህን ሴት ልጁን ሲጠይቅ ማየት በመንደራችን ያልተለመደ ስለነበር እትዬ ሥርጉት ከዚህ የበለጠ ክብር በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም ነበር። እኔ በበኩሌ እቀና ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በየካ ተምረው በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በ1984 ዓ.ም. በኬሚስትሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ጥቂት ዓመታት ኮተቤ አካባቢ ካስተማሩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በ1990 ዓ.ም. ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ። እስከ መጨረሻውም ያገለገሉት እዚያው ነው።

በዚህ መሐል፣ በ1987 ዓ.ም. ከአቶ ገመቺስ ገመዳ ጋር ትዳር መሠረቱ። አቶ ገመቺስ የሒሳብ ሠራተኛና በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ጊታር ተጫዋች ናቸው። የካህን ልጅ ጴንጤ ልታገባ ነው ሲባል መንደሩ በወሬ ተነቅንቆ ነበር። አባታችን ግን እትዬ ሥርጉትን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ያከብርሻል?» አሉ። «ያከብረኛል» አሉ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው መረቋቸው። ባልና ሚስቱ በየእሑዱ ከቤት አብረው ይወጡና መገናኛ ላይ ተለያይተው እሳቸው ወደ እንጦጦ፣ አቶ ገመቺስ ወደ መዘምራናቸው ይሄዱ ነበር፤ ለምሳ እንደገና ይገናኛሉ። በዚህም ትዳር ርሆቦትንና ቅዱስን አፍርተዋል።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳ ብዙ አስቤአለሁ። እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ ከፍሬን ሸራ ያለፈ ነገር ሲነገረኝ እንቅልፌ ይመጣል። የዶክተር ሥርጉት ሥራ በውኃ፣ በማር፣ በአትክልት ውስጥ ያለውን፣ ዓይን የማያየውንና ምላስ የማይለየውን እጅግ ጥቂት ኬሚካል አጥምዶ ማውጣት ነበር። የሚያጠምዱትም በክር ነው። ክሩ በልዩ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን፣ ተከድኖ በሚሞቅ ውኃ ላይ፣ ውኃውን ሳይነካ፣ ከውኃው በሚነሣው አየር ውስጥ ይንጠለጠላል። ከውኃው የሚተነው ነገር ወደ ሽፋኑ ቀስ እያለ ይገባና ይቀመጣል። ከዚያ ክሩ መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ሲግል የያዘውን ሁሉ ይለቃል፤ መሣሪያውም የእያንዳንዱን ነገር ምልክት ወረቀት ላይ ይሥላል። አንድ ጊዜ ቤተ ሙከራቸው ሄጄ ክሩ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ተንጠልጥሎ አየሁ። ምንም አይንቀሳቀስም፣ ምንም ድምፅ የለውም። እትዬ ሥርጉት አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን እየተነፈሰ ነው» አሉኝ። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ዋጥኩ።

ችግሩ ከውጭ የሚመጣው ክር ከመስታወት የተሠራ መሆኑ ነበር። ሲነኩት ይሰበራል፤ አንዱ ከተሰበረ ሌላው እስኪመጣ ወራት ይጠበቃል። ዶክተር ሥርጉት ሽፋኑን ብረት ላይ ብለብጠውስ ብለው ተነሡ። ቀጭንና ጠንካራ ሽቦ ሲፈልጉ ሰንብተው በመጨረሻ ያገኙት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። አቶ ገመቺስ ቅዳሜ ለልምምድ ጊታራቸውን ከግድግዳው ሲያነሡ ቀጭኗ ክር የለችም። ሌላ ገዝተው ገጠሙ፤ እሷም ጠፋች። በሦስተኛው «ሥርጉቴ፣ ጌታን የማመሰግነው በአምስት ክር እንዲሆን ፈልገሽ ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው እትዬ ሥርጉት በሳቅ ፍርስ አሉ። ጉዳዩም ታወቀ። ከዚያ በኋላ አቶ ገመቺስ ክር ሲገዙ ሁለት ሁለት መግዛት ጀመሩ።

ሽፋኑን ብረት ላይ ማስቀመጥ ዓመታት ወሰደ። ለስላሳ ብረት ሽፋን አይይዝም፤ ስለዚህ ሽቦዋን በአሲድ ነክረው ገጿን ያሻክሯታል፣ ያጥቧታል፣ ያደርቋታል። ማር በሚመስል ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ቀስ አድርገው ነክረው ቀስ አድርገው ያወጧታል፣ በምድጃ ያግሏታል፣ ደግመው ይነክሯታል። የመጀመሪያዎቹ ተሰነጣጠቁ። ቀጥለው የመጡት እንደ ቆዳ ተላጡ። የጊታሩም ክር ይዝግ ስለነበር በማይዝግ ብረት ተተካ። በመጨረሻ በ1998 ዓ.ም. ሽፋኑ አንድ ላይ ረግቶ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት የጠዋት ጉም የለበሰ የሚመስል ሽቦ ወጣ። ይጣመማል እንጂ አይሰበርም፤ ደጋግመው ቢያግሉትም ሽፋኑ አይለቅም። በዚሁ ሥራቸው በዚያ ዓመት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። እናታችን ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይህን ሳያዩ በ1997 ዓ.ም. አርፈዋል። ለዶክተር ሥርጉት የቀረላቸው የእናታችን ነጠላ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንና ጠበል ሲሄዱ ከሳጥን አውጥተው የሚለብሱት እሱን ነው።

አሁን ስለ ወለላ መናገር አለብኝ። ወለላ ከቤታችን በታች በድንጋይ መካከል የምትፈልቅ፣ በአጥርና በበር የተከለለች ትንሽ ምንጭ ናት። አባታችን ቄስ ወልደ ሐዋርያት ጎልማሳ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ በዚያች ምንጭ ሕመምተኞችን ሲያጠምቁ ኖረዋል። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ከምንጯ በላይ የመብራት ምሰሶ በጥቁር ዘይት የሚነከርበት ግቢ ተከፈተና ሰዉ ስጋት ገባው። አባታችን እንደ ልማዳቸው «ሥርጉት ትምጣና ትየው» አሉ።

ዶክተር ሥርጉት መጡ። ውኃው በጠርሙስ ተጭኖ ሲሄድ ተኖ የሚጠፋ ነገር ስላለ ሽቦዋን እዚያው ምንጯ ዳር አንጠልጥለው አጠመዱ። ጠበል ቦታ ነውና ጫማቸውን አውልቀው፣ የእናታችንን ነጠላ ተከናንበው ነበር። ሥራውን ሲጨርሱ ሽቦዋን በቡሽ በተከደነች ትንሽ የመስታወት ቱቦ ከተቱና፣ እናቶቻችን ውድ ነገር እንደሚይዙት፣ በነጠላው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ወረዱ። ወረቀቱ ላይ ናፍታሊን ወጣ። ናፍታሊን ምሰሶው በሚነከርበት ዘይት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ደግመው መጥተው ደግመው አጠመዱ፤ አሁንም ወጣ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በንጹሕ ውኃ ሲሞክሩ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ከምንጯ ነው ብለው ደመደሙና ለአባታችን ነገሩ።

አባታችን ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። «ልጄ አለ ካለች አለ» ብለው ኅዳር ላይ የምንጯን በር በገዛ እጃቸው ቆለፉ። የምሰሶውም ግቢ በመንደሩ አቤቱታ ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ወራት ማስታወስ ይከብዳል። ሕመምተኞች ከሩቅ መጥተው በተዘጋው በር ፊት ይቀመጡ ነበር። «ባሏ ጴንጤ ስለሆነ ጠበሉን አዘጋችው» የሚል ወሬ ተነሣ። አባታችን በመንገድ ሲያልፉ መስቀል ለመሳለም የማይነሡ ሰዎች ታዩ። እሳቸው ግን ለሁሉም የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «ሥርጉት ነግራኛለች» ይሉ ነበር።

በጳጉሜን መጨረሻ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች የአዲስ ዓመት ዋዜማን በባህል ልብስ አከበሩ። ዶክተር ሥርጉትም የእናታችንን ነጠላ ለብሰው ሄዱ። የሥራ ባልደረባቸው ወይዘሮ አገርነሽ አቅፈው ሲስሟቸው «ሥርጉት፣ ዛሬማ የእናቴን ሳጥን ሳጥን ትሸቻለሽ!» ብለው ሳቁ። እትዬ ሥርጉትም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ልብስ ብል እንዳይበላው የምናስቀምጠው ነጭ እንክብል ናፍታሊን ነው። እናታችን ነጠላቸውን ዕድሜ ልካቸውን በእሱ መሐል አኑረውታል። የበርበሬ ሽታ ከየትኛው ቤት እንደመጣ የሚለዩት እህቴ የእናታቸውን ሽታ ግን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው አሽትተውት አያውቁም ነበር። ወዲያውኑ አንዲት ንጹሕ ሽቦ በቱቦ አድርገው በነጠላው ጫፍ ቋጠሩ፤ ሌላዋን ያለ ነጠላ አስቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሲያዩ በነጠላው የተቋጠረችው ያንኑ የወለላን ምልክት ሣለች፤ ሌላዋ ባዶ ናት። ዳቦው ሲቆረስ እትዬ ሥርጉት ወደ እንጦጦ ዳገት እየወጡ ነበር።

አባታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። «አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ወለላ ምንም የላትም። ሽታው የእማዬ ነጠላ ነው» አሏቸው። አባታችን «እንግዲያው ነገ በሩን አንቺው ክፈቺ፤ ለሰዉም አንቺው ንገሪ» አሉ። ቁልፉን ሰጧቸውና ገብተው ተኙ።

በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ዶክተር ሥርጉት በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመው ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የራሳቸው መሆኑን ተናገሩ። የምሰሶውን ግቢ ባለቤትም በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ሲጨርሱ ወይዘሮ አሳየች ተነሡና «ዱቤ ይህን ውኃ እየጠራ ነው የሞተው» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። አቶ ዱቤ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ያረፉት በሩ ተዘግቶ በነበረበት ሰኔ ነው። ዶክተር ሥርጉት ከዚያ ወዲህ የአቶ ዱቤን ሙት ዓመት አንድም ጊዜ ሳያስታጉሉ ሄደው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አሳየች ዛሬ በመካከላችን ስላሉ ለመምጣታቸው ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ከዚህ ስሕተት ሁለት ነገር ተወለደ። አንደኛው በቤተ ሙከራቸው «ምስክር ሽቦ» የሚባለው ሥርዓት ነው። ማንም ለናሙና ሲወጣ አንዲት ትርፍ ሽቦ አብራው ትሄዳለች፤ ምንም ሳታጠምድ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ኪስ ተጉዛ ትመለሳለች። ምስክሯ ባዶ ካልሆነች የሌላዋ ቃል አይታመንም። የቱቦው ቡሽ በብረት ክዳን ተተክቷል፤ ነጠላና ሽቶም በር ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ ዶክተር ሥርጉትና ባልደረቦቻቸው በማርና በአትክልት ላይ የሚቀረውን የተባይ መድኃኒት ሲለኩ ኖረዋል። ያስተማሯቸው ብዙዎች ዛሬ ከፊታችን ናቸው።

ሁለተኛው ግን ቤታችን ውስጥ የቀረ ነገር ነው። አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሥርጉትን ምንም ነገር መጠየቅ ተዉ። አልተቆጡም፤ ሲመጡ ይስሟቸዋል፣ ሲሄዱ ይመርቋቸዋል። ግን መድኃኒት ሲታዘዝላቸው «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብለው የሚደውሉት ለእኔ ሆነ፤ ለመለዋወጫ ነጋዴው። እኔ ደግሞ ወጥቼ እትዬ ሥርጉት ጋር እደውልና መልሼ እነግራቸዋለሁ። እትዬ ሥርጉት አንድ ቀን በስልክ «አባዬ እኔን መጠየቅ ተዉ፣ አይደል?» አሉኝ። ዋሽቼ ሥራ ስለሚበዛብሽ ነው አልኳቸው። ሽልማት ሲቀበሉም፣ ከባሕር ማዶ ጥሪ ሲመጣላቸውም ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር እንደጎደለ አይ ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ዶክተር ሥርጉት በጉበት ሕመም ተያዙ። በሀገር ውስጥ አስፈላጊው ሕክምና ሁሉ ተደርጎላቸው፣ ከመጋቢት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአያት ኮንዶሚኒየም መኖሪያ ቤታቸው ተኙ። አልጋቸው በመስኮቱ በኩል ስለነበር ቀኑን ሙሉ ወደ ተራራው ያያሉ። አንዳንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው የማንን ሽታ እንደሰሙ ይነግሩን ነበር፤ የጠሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱ ናቸው። አላረምናቸውም።

በትንሣኤ ማግስት አባታችን፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ከእንጦጦ ወርደው መገናኛ ላይ ባቡር ተሳፍረው ብቻቸውን አያት ድረስ መጡ። በእጃቸው የወለላን ውኃ በጆንያ በተጠቀለለ ጀሪካን ይዘዋል። አልጋው አጠገብ ተቀመጡና መስቀሉን ካሳለሟቸው በኋላ «ሥርጉት፣ ከወለላ በላይ አዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው። ሰዉ እየመጣ ይጠይቀኛል። ላጥምቅበት ወይስ ልተው?» አሉ።

የእህቴ እንባ በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። «አባዬ፣ እኔ እኮ ተሳስቼ አዘግቼዋለሁ» አሉ።

አባታችንም «ተሳሳትሽ፤ መጥተሽም ነገርሽኝ። እንዲያ የሚነግረኝ ሌላ ማን አለኝ?» አሉ። «ሳልጠይቅሽ የኖርኩት ያን ቀን እንዳላስታውስሽ ብዬ ነው» ብለው ጨመሩ። አቶ ገመቺስ ያን ጊዜ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሁለታችንም ምንም የምንሠራው አልነበረንም።

ወይዘሮ አገርነሽ በማግስቱ ወጥተው ወለላን በሽቦና በምስክር ሽቦ አጠመዱ። ውጤቱን አምጥተው ለዶክተር ሥርጉት አሳዩአቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አስደርገው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ አዩ። አባታችን ሲጠሩ መጡ። እህቴ እጃቸውን ይዘው «አባዬ፣ ንጹሕ ነው። ያጥምቁ» አሉ። አባታችንም «አንቺ ካልሽ» ብለው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ዶክተር ሥርጉት ብዙውን ጊዜ በእንቅልፍ አሳለፉ፤ ፊታቸው ግን ያ የጎደለው ነገር ተመልሶለት ነበር።

ዶክተር ሥርጉት ወልደ ሐዋርያት በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ሚያዝያ 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸው ጊታራቸውን ይዘው አጠገባቸው ቀስ ብለው ሲዘምሩላቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ዘመድ ወዳጆቻቸው በተገኙበት በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አባታቸውን ቄስ ወልደ ሐዋርያትን፣ ባለቤታቸውን አቶ ገመቺስን፣ ልጆቻቸውን ርሆቦትንና ቅዱስን እንዲሁም እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

አባታችን ዛሬ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ማለዳ ወለላ ወርደው፣ ሲጠብቁ ያደሩትን ሕመምተኞች አንድ በአንድ አጥምቀዋል። አንዲት እንግዳ ሴት ውኃው ደህና እንደሆነ ጠይቃቸው ነበር። አባታችንም «ሥርጉት ነግራኛለች» አሏት።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ሽታው መልካም በሆነው ገነቱ ያኑርልን፤ ለአረጋዊ አባታችን፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።